በክሮዝ ዳገቶች ላይ፦ ሰው የጠፋበት የፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት

ሐምሌ በመጣ ቁጥር የፈረንሳይን የብስክሌት ውድድር ከልጆቻችሁ ጋር በቴሌቪዥን ሳታዩ አትቀሩም። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ፣ ብስክሌት በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች እንኳ እኛ ቤት እልልታውን አቀለጡት። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በቴሌቪዥን የሚታየው ግን የሦስት ሳምንት ወሬ ነው፦ ሔሊኮፕተር፣ ጡሩምባ፣ ዳገቱን የሞላ ሕዝብ። በቀረው የዓመቱ ጊዜ የዚያ አገር የገጠር መንገድ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን የለም። እኔ ባለፈው ሰኔ ከልጄ ጋር ሄጄ ያየሁትን መንገድ ነው የማወራችሁ። አንድ ጠዋት ሙሉ ነድተን ያለፉንን መኪኖች ብንቆጥር አራት ብቻ ሆኑ፤ ከአራቱ አንዱ የፖስታ ቤት መኪና ነው።

ቦታው ክሮዝ ይባላል። በፈረንሳይ መሐል፣ ሊሙዛን በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለ አውራጃ ነው። ከፓሪስ፣ ኦስተርሊትዝ ከሚባለው ጣቢያ፣ ወደ ሊሞዥ የሚሄደውን ባቡር ይዛችሁ ላ ሱተሬን በምትባል ትንሽ ከተማ ትወርዳላችሁ። ለብስክሌቱ ቀደም ብሎ ቦታ ማስያዝና ጥቂት ዩሮ መክፈል ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ነው፦ ፉርሳክ፣ ቤኔቫን፣ ቡርጋነፍ፣ የቫሲቪየር ሐይቅ፣ ዣንቲዩ፣ ፔይርልቫድ፣ መጨረሻው ሜማክ። በጠቅላላው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ልጄ «ይኼ ለደህና ብስክሌተኛ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። እኔ አምስት ቀን አደረግኩት፤ ሰንበትን ደግሞ አርፈን ዋልን።

ልጄ ብስክሌት የያዘው ከሠራዊት ከወጣ በኋላ ነው። ጓደኞቹ ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲሄዱ እሱ ብስክሌት ገዝቶ ዳገት ለዳገት መዞር ያዘ። «አባዬ፣ አንተም ና» ሲለኝ ሁለት ዓመት እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ዓመት በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ተከራይቶልኝ ሄድን። ይህን ብስክሌት ለማታውቁ፦ ሞተር ሳይክል አይደለም። ፔዳሉን ካልመታችሁ ንቅንቅ አይልም። ዳገት ላይ ግን አንድ ሰው ከኋላ በመዳፉ ደገፍ ያደረጋችሁ ያህል ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛው ይቆማል፤ የአውሮፓ ሕግ ነው። ባትሪውን ማታ እንደ ስልክ ሰክቶ ማሳደር ነው። «ጉልበቴን ያመኛል፣ ይህ የወጣት ነገር ነው» የምትሉ ሐኪማችሁን ጠይቁና ሞክሩት። በመንገድ ላይ ያገኘናቸው ጥቂት ብስክሌተኞች ከግማሽ በላይ ሽበታም ነበሩ።

ዳገቱን አትናቁት ደግሞ። ስሜን ተራራን የሚያውቅ ሰው «ይኼ ኮረብታ ነው» ብሎ ይስቃል፤ የመጨረሻው ከፍታ እንኳ 1,000 ሜትር አይሞላም። ነገሩ ግን ወርደህ ውጣ ነው። ወንዝ ድረስ ትወርዳላችሁ፣ በድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ ወዲያው ዳገት። ትንሽ ሜዳ፣ እንደገና ቁልቁለት። በቀን እንዲህ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ። ማርሹን ቶሎ ማቅለል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀስ እያሉ መያዝ፣ ጥምዝ ላይ አሸዋ አለ ብሎ መጠርጠር፣ ይኼ ነው ጥበቡ።

መንገድ ስለ መምረጥም ልንገራችሁ። ስልክ ሁሉን ያሳያል ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን በወረቀት ካርታ አምናለሁ። ሚሽላን በሚያትመው ካርታ ላይ ትልልቁ መንገድ ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ትንሹ ነጭ ነው። ዳሩ አረንጓዴ መስመር ከተሰመረበት ለዓይን የሚያምር መንገድ ማለት ነው። እኛ ነጩን ከነጩ እየቀጠልን ሄድን። መንገዶቹ «ዲ» የሚል ፊደልና ቁጥር አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ በረዘመ መጠን መንገዱ እየጠበበ፣ መኪናው እየጠፋ ይሄዳል። ጠባብ ቢሆንም አስፋልቱ ደህና ነው። ሕጉም ለብስክሌተኛ ይራራል፦ ከከተማ ውጭ መኪና ሲያልፋችሁ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ በቀን ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳትም ይፈቀዳል፣ መኪና ሲመጣ በአንድ መሰለፍ እንጂ። ይህን ጎን ለጎን መንዳት ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛፉስ? በታችኛው አገር በዕብራይስጥ አሎን የምንለው ዛፍና፣ እዚህ በክረምት በየመንገዱ ዳር ተጠብሶ የሚሸጠው የአርሞኒም ዛፍ ነው የሚበዛው። ቅርንጫፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ዋሻ ያስመስሉታል። ከሰኔ ፀሐይ ወደዚያ ጥላ ስትገቡ ፊታችሁ ላይ የምንጭ ውኃ የተረጨ ይመስላችኋል። ዛፉ ሲያልቅ መስክ፣ በመስኩ ላይ ቀያይ ከብቶች፤ በአገሩ ስም ሊሙዛን የሚባለው ዘር ነው፣ በሥጋው የታወቀ። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው እነዚያን ላሞች አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እኔ ብስክሌቴን አጋድሜ ጥጃ ስቆጥር ልጄ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከብቱ አለ፣ ሣሩ አለ፣ ውኃው አለ። እረኛ ግን የለም፤ ሽቦ ነው ያለው። በመንደሩ ስታልፉ የቤቱ መስኮት ተዘግቷል። ውሻ እንኳ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ነው። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጄ «አባዬ፣ ሰዎቹ የት ሄደው ነው?» አለኝ።

መልሱን ሳናገኝ ሻባን ደረስን።

ሻባን ከላ ሱተሬን በስተደቡብ፣ ፉርሳክ በሚባለው ቀበሌ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በዛፍ መካከል ፈረንሳዮች ሻቶ የሚሉት አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሟል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦዜ የሚባለው የአይሁድ ሕፃናት መርጃ ማኅበር ከጀርመን፣ ከኦስትሪያ፣ ከፖላንድ የመጡ ስደተኛ ልጆችን ሰብስቦ ያኖረው በዚህ ቤት ነበር። ወላጆቻቸው ወይ ታስረዋል፣ ወይ ተበትነዋል፣ ወይ ከቤተሰቡ ልጁን ብቻ ማሻገር ችለዋል። የቤቱ ኃላፊ ፌሊክስ ሼቭሪዬ አይሁዳዊ አልነበረም። የመንደሩ አስተማሪዎች፣ ረኔ እና ኢሬን ፓያሱ የሚባሉ እኅትማማቾች፣ እነሱም አልነበሩም። እነዚያን ጀርመንኛ የሚናገሩ ልጆች ከገበሬው ልጆች ጋር አስቀምጠው ማንበብና መጻፍ አስተማሯቸው።

እኔ በሙያዬ መምህር ነኝና እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እናንተ ወላጆች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ቤት ሲመጣ ፊቱን ያያችሁት እናንተ ናችሁና። ዝም ይላል። ዝምታውን አስተማሪው ስንፍና ነው ብሎ ሊጽፈው ይችላል፣ ወይም ጠጋ ብሎ ስሙን በትክክል መጥራት ሊለማመድ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው። በዚያን ጊዜ በሻባን ደግሞ ከትምህርትም በላይ ነበር። በነሐሴ 1942 የፈረንሳይ ፖሊስ ልጆች ሊወስድ ሌሊት መጣ። የተሸሸጉት ተረፉ፤ በዕድሜ ከፍ ያሉ ጥቂቶች ተወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆቹም በየቤተሰቡ፣ በሐሰት ስም፣ አንዳንዱም በስዊዘርላንድ ድንበር በኩል ተበተኑ። ኃላፊውንና ሁለቱን እኅትማማች አስተማሪዎች ያድ ቫሼም «የዓለም ሕዝቦች ጻድቃን» ብሎ መዝግቧቸዋል።

ወደ ግቢው አልገባንም፤ ከመንገድ ነው ያየነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ከትምህርት ቤቱ ጋር ፖላንድ ሄዶ ነበር። «እዚያ ያየሁት የሞቱበትን ነው» አለኝ። «እዚህ ኳስ የተጫወቱበት ነው።» ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ እኔም አልጨመርኩበትም። እስከ ቤኔቫን ድረስ አንድ ረጅም ዳገት አለ፣ እሱን በዝምታ ወጣነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ቡርጋነፍ ስንቃረብ ማዝባሮ በሚባለው ቀበሌ በኩል አለፍን። እዚህ ነው ሬይሞን ፑሊዶር በ1936 የተወለደው። ወጣቶች ስሙን አያውቁትም፤ በፈረንሳይ ግን የእኔን ዕድሜ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወላጆቹ የሰው መሬት እያረሱ እህሉን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ ጭሰኞች ነበሩ። ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ይህ ሰው በእነዚህ ወርደህ ውጣ መንገዶች ላይ እግሩን አጠንክሮ የፈረንሳይን ትልቁን ውድድር 14 ጊዜ ተወዳደረ። 8 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ሆኖ ጨረሰ። በ1964 ከአሸናፊው ከዣክ አንክቲል የለየው 55 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በ1976፣ 40 ዓመት ሞልቶት፣ ሦስተኛ ወጣ። ቢጫውን የመሪ ማሊያ ግን አንድም ቀን አልለበሰም። ታዲያ ሕዝቡ ካሸነፉት ሰዎች ይልቅ እሱን ወደደ። ለምን እንደሆነ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ነገሩ ከባድ አይመስለኝም፤ አብዛኛው ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። በ2019 ከዚህ ብዙም በማይርቀው በሴን ሌዮናር ከተማ አረፈ። በ2021 የሴት ልጁ ልጅ፣ ማትዩ ቫን ደር ፑል፣ በውድድሩ ሁለተኛ ቀን አሸንፎ ያንን ቢጫ ማሊያ ለበሰ፣ ጣቱንም ወደ ሰማይ ቀሰረ። ልጄ ይህን በስልኩ አውጥቶ በማዝባሮ መንገድ ዳር አሳየኝ። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ቡርጋነፍ ውስጥ አንድ ወፍራም ክብ ግንብ አለ። የቱርኩ ሱልጣን ወንድም ልዑል ጄም፣ ፈረንሳዮች ዚዚም ይሉታል፣ በ1480ዎቹ ከወንድሙ ጋር በዙፋን ተጣልቶ ሸሽቶ በዚህ ጫካ አገር በግዞት ተቀምጦ ነበር። ግንቡን ማየት ብቻ ይበቃል፤ ደረጃው ለጉልበት አይሆንም።

የልጄን ጥያቄ የመለሰልኝ ከቡርጋነፍ በስተምሥራቅ፣ ሱብርቦ በሚባል ቀበሌ የተወለደ ሰው ነው። ማርተን ናዶ ይባላል፤ የተወለደው በ1815 ነው። ታሪኩን ራሱ ጽፎታል። ልጅ ሳለ አያቱና እናቱ «ፊደል ምን ያደርግለታል፣ ለሥራ ይቆይልን» ሲሉ አባቱ «አይሆንም፣ ይማራል» ብሎ ተከራከረ። 14 ዓመቱ ላይ፣ በ1830፣ ያው አባቱ ይዞት ወደ ፓሪስ ወጣ፤ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው። ግንበኛ ሆነ። ማታ ማታ ደግሞ ሌሎችን ግንበኞች ፊደል ያስተምር ነበር። በ1849 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ሲገለበጥ ተሰደደ፣ በእንግሊዝ አገር አስተማሪ ሆኖ ኖረ፣ በ1870 ወደ አገሩ ተመለሰ። የሞተው በተወለደባት መንደር ነው። ግንበኛ፣ ስደተኛ፣ መምህር፦ ብዙዎቻችን ከሦስቱ ሁለቱን እናውቃቸዋለን።

ናዶ ብቻውን አልነበረም። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። የክሮዝ ወንዶች በመጋቢት ከቤት ወጥተው ፓሪስን ሲገነቡ ከርመው በኅዳር ይመለሱ ነበር። ዓለም የሚያደንቃቸው የፓሪስ ሰፋፊ መንገዶችና ቤቶች የእነዚህ ሰዎች እጅ አለባቸው። እርሻውን ሴቶች ያርሱታል። ባቡር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተለወጠ፦ መሄዱ ቀለለ፣ መመለሱ ግን ቀረ። ሚስትም ተከተለች፣ ልጅም እዚያው ተወለደ። በ1851 በክሮዝ ከ285,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ 120,000 አይሞላም። «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ላልከው፣ ፓሪስ ናቸው፣ አልኩት ልጄን።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ቫሲቪየር ደረስን። ሐይቁ በጣም ያምራል፤ ዳር ዳሩ ደን፣ መሐሉ ደሴት፣ ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል። ግን የሰው ሥራ ነው። በ1950 ለኤሌክትሪክ ብለው ወንዙን ገድበው ሸለቆውን በውኃ ሞሉት፤ እርሻዎችና መንደሮች ሥር ገቡ። ሰንበትን እዚያ አሳለፍን። ኮሸር ምግብ ቤት በዚያ አገር አትፈልጉ፣ የለም። እኛ ቆሎ፣ ቴምር፣ የታሸገ ዓሣና ለአምስት ቀን የሚበቃ ዳቦ ይዘን ነበር፤ እንቁላልና ፍራፍሬ ከመንደር ገበያ ገዛን። ልጄ ዋኘ። እኔ ጥላ ሥር ተኛሁ።

እሑድ ወደ ዣንቲዩ ወጣን። በፈረንሳይ በየመንደሩ አደባባይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ፤ የአንድ ቤተሰብ ስም ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ ታነባላችሁ። አብዛኛው ሐውልት ጀግናና ባንዲራ ነው። የዣንቲዩው ግን በ1922 የተሠራ የአንድ አባት አልባ ልጅ ሐውልት ነው። የተማሪ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ጡጫውን ጨብጦ ወደ ስሞቹ ዘርግቷል። ከስሞቹ በታች «ጦርነት የተረገመ ይሁን» ተብሎ ተጽፏል። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖች ሐውልቱን መርቀን አንከፍትም አሉ። ልጄ የወታደር አባት አይደለም፣ ራሱ ወታደር ነበር። ሐውልቱን ዞሮ ዞሮ አየው። እኔ ደግሞ ሠራዊት እያለ ያልተኛኋቸውን ሌሊቶች አስታወስኩ፤ እናንተም እንደኔው ናችሁ፣ አውቃለሁ።

ከዣንቲዩ በኋላ ሚልቫሽ የሚባለው አምባ ነው። ስሙ ሲነበብ «ሺህ ላሞች» ይመስላል፤ የአገሩ ሰዎች ግን ላም ሳይሆን ምንጭ ነው ይላሉ። እውነትም ውኃው የትም ነው፤ ቪየን የሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚነሣው ከዚህ ነው። እዚህ ላይ ደኑ ይለወጣል። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ በመስመር የቆመ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አብዛኛው ዳግላስ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ዛፍ። እኔ የጥንት ደን መስሎኝ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይህ ቦታ ዛፍ የሌለበት የበግ ግጦሽ ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ በጉም ጠፋ፣ ባዶውን መሬት ዛፍ ተከሉበት። በሜማክ ማሪየስ ቫዜይ የሚባል የደን ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ገበሬውን ዛፍ ትከል ሲል ኖሯል፤ ሙዚየሙ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ዛሬ ደኑ እንደ ማሳ ይታጨዳል። አልፎ አልፎ አንድ ኮረብታ ሙሉ ተላጭቶ ጉቶ ብቻ ታያላችሁ፤ ነዋሪዎቹም በዚህ ጉዳይ ይጣላሉ። በዚህ መንገድ ላይ የምትፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ነው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ወርዳችሁ ዳር ያዙ።

በጫካው ውስጥ ጣሪያው የወደቀ ቤት በየቦታው አለ። አንዱ ጋ ቆምን። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው፣ የበሩ መቃን እንኳ አልተነቃነቀም። ምድጃው በነበረበት ቦታ ዛፍ በቅሎ ቅርንጫፉ በመስኮት ወጥቷል። ልጄ «የእናንተ መንደርም አሁን እንዲህ ነው?» አለኝ። «የእኛ ቤት የጭቃ ነበረ፣ እንዲህ ቆሞ አይጠብቅም» አልኩት።

ከዚያ ወደ ፔይርልቫድ ያለውን መንገድ ጎን ለጎን ነዳን። ጎን ለጎን መንዳት ያልኳችሁ ይኼ ነው። መኪና በሚበዛበት መንገድ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው፤ የምትሰሙት ሞተር ብቻ። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልክ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ሥራ አለ። እዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያቋርጠን ሰው አልነበረም። ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር? ቤቱን ማን ሠራው? ስትወጡ በሩን ዘጋችሁት ወይስ ክፍት ተዋችሁት? ከብቶቹን ለማን ሰጣችሁ? አያቴ ምን ተሸከመ? ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እነዚህን ጥያቄዎች ከዚህ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ጀምሬ ነግሬው አላውቅም። በሩን ዘግተን ቁልፉን ለጎረቤት እንደሰጠን ነገርኩት። ከብቶቹን በርካሽ እንደሸጥን፣ አንዲት ላም ግን እናቴ አልሸጥም ብላ ለጎረቤት ልጅ እንደሰጠች ነገርኩት። አባቴ መጽሐፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው በደረታቸው እንደያዙ ነገርኩት። ሲደክመኝ ዝም እላለሁ፣ ዳገቱ ሲያልቅ ይቀጥላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢሆን ይህን ያህል የምናገር አይመስለኝም፤ ጎን ለጎን ሆኖ መንገዱን እያዩ መናገር ይቀላል።

ውኃ ስላነሣን፦ የፈረንሳይ ብስክሌተኞች ውኃ ሲያልቅባቸው መቃብር ቦታ ገብተው ይቀዳሉ፤ በየመቃብሩ ለአበባ ማጠጫ የተተከለ ቧንቧ አለ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ። አባቴ ቄስ ነበሩና በእኛ ቤት ከመቃብር ቦታ ውኃ ቀድቶ መጠጣት የሚታሰብ ነገር አይደለም። ስለዚህ በር ማንኳኳት ነው። ከፔይርልቫድ አለፍ ብለን አንድ ቤት አንኳኳን፤ አንዲት አሮጊት ከፈቱልን። ልጄ በስልኩ እያስተረጎመ ውኃ ጠየቀ። ጠርሙሶቻችንን ወስደው ሞልተው፣ አንድ ሳህን የእንጆሪ ፍሬም ጨምረው አመጡ። ከየት መጣችሁ አሉን፤ ነገርናቸው። ልጆች አሏችሁ ወይ ብዬ አስጠየቅኳቸው። ሦስት አሉኝ፣ ሁለቱ ፓሪስ፣ አንዱ ሊዮን፤ በነሐሴ ይመጣሉ አሉ። ያን ጊዜ ሰኔ መጀመሪያ ነበር። አልጋዎቹ ግን ከአሁኑ ተነጥፈው በተከፈተው በር አየኋቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ግንቦትና ሰኔ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ይረዝማል፤ መስከረም ላይም ደስ ይላል፣ ግን አዳኞች ጠመንጃ ይዘው ጫካ የሚገቡበት ወቅት ስለሚጀምር ቀይ ወይ ቢጫ ልብስ ልበሱ። ዝናብ በማንኛውም ወር ይጥላል፣ የዝናብ ልብስ አትርሱ። ሱቆች ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ዝግ ነው፣ ሰኞ ዳቦ ቤቱም አይከፍት ይሆናል። ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ያዙ፤ ጎማ ቢፈነዳ በሃያ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚጠግን አይገኝም። ስልክም በሸለቆው ውስጥ አይሠራም፤ ለዚህ ነው የወረቀት ካርታ ያልኳችሁ።

ከሜማክ ወደ ሊሞዥ ትንሽ ባቡር አለ። ብስክሌት ያስገባል፣ ግን ቦታው ጥቂት ነውና ቀድማችሁ ድረሱ። በጫካው ውስጥ ቀስ እያለ በኤሙቲየና ፑሊዶር በኖረበት በሴን ሌዮናር በኩል ይወርዳል። በስተቀኝ ተቀመጡም በስተግራ ለውጥ የለውም፣ በሁለቱም በኩል ዛፍ ነው። ልጄ ባቡሩ ውስጥ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ገና ያልነዳናቸውን ነጭ መስመሮች በእርሳስ ያከብብ ነበር። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።